የመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተራችሁን ለምታስገጣጥሙ ደንበኞቻችን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የዕቃ ዝርዝር በስልካችሁ ይዛችሁ ስትመጡ ሁለት ሦስት መስመር ሰርዘን እንመልስላችኋለን። «መደርደሪያ ላይ ያለውን ሊያራግፉብን ነው» የምትሉ አላችሁ፤ አይገርመንም። ስለዚህ ምኑን እንደምንሰርዝና ለምን እንደምንሰርዝ ጽፈን ብናስቀምጠው ይሻላል ብለናል። ዕቃውን ከሌላ ሱቅ ብትገዙትም ይሠራላችኋል።

አብዛኛው ዝርዝር የተዘጋጀው ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ መብራቱም የማይቆራረጥበት አገር ላለ ሰው ነው። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑን 35 ዲግሪ ትነካለች። በፋን የሚቀዘቅዝ ዕቃ ደግሞ ከክፍሉ አየር በታች መውረድ አይችልም፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ ክፍሉ 15 ዲግሪ ከጨመረ ፕሮሰሰሩም ወደ 15 ይጨምራል። እዚያ ጌም ላይ 70 ዲግሪ የሚያሳይ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር እዚህ 85 አካባቢ ይደርሳል። ጣሪያው 90 ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እናንተም «ጌሙ ይንቀጠቀጣል» ብላችሁ ግራፊክስ ካርዱን ትወቅሳላችሁ።

እናም መጀመሪያ የምንሰርዘው ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ አንድ የሚያስወጣ ይሁን። የሚያስገባው ከሚያስወጣው ሲበልጥ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራ የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ይሆናል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ሲነሳ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ አራግፉት። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የሚመጣው አጭር ማቀዝቀዣም ለዚህ ከተማ አቅም ያንሰዋል፤ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የቆመ ማቀዝቀዣ ውሰዱ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቁመቱ ኬዙ ውስጥ መግባቱን ለኩ። ባለቀለም መብራት ፋን ጌም አያፋጥንም፤ ካማራችሁ ግን አንጣላም።

ብዙ የምንከራከረው በፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት የመጣውን መብራት ለዕቃዎቹ በሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው፤ ሁሉም ገንዘብ የሚቀንሰው ከእሱ ላይ ነውና። ሒሳቡን እንይ። ራይዘን 5 5600 ቢበዛ 76 ዋት፣ አርኤክስ 6600 ካርድ 132 ዋት፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ፋን ተደምረው 50 ያህል፤ በጠቅላላው ወደ 260 ዋት። ደህና ባለ 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኃይል ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ ምልክት) የተጻፈበት በቂ ነው። ስሙ የማይታወቅ «750 ዋት» ግን ጎኑ ላይ ያለው ወረቀት ያጋልጠዋል። በ12 ቮልት መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ፈልጉና በ12 አባዙት። 45 አምፔር ካለ 540 ዋት ነው፤ እውነተኛ ባለ 550 ነው ማለት ነው። 20 አምፔር ብቻ ካለ 240 ዋት ነው፤ ከላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ምንም ቢሆን ግራፊክስ ካርዱ ጫና ሲበዛበት ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ከኋላ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ፈልጉ። 115 ላይ እንዳለ እኛ 220 ቮልት ላይ ከሰካችሁት ይፈነዳል። አዲሶቹ ላይ «100-240» ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ እነሱ ቀይ ማብሪያ አያስፈልጋቸውም። ገመዱንም አትቀላቅሉ፦ የፕሮሰሰሩም የግራፊክስ ካርዱም ባለ ስምንት ቀዳዳ ነው፣ ግን የአንዱ 12 ቮልት ባለበት የሌላው መሬት ነው። የፕሮሰሰሩ ለሁለት አራት አራት ይከፈላል፣ የካርዱ ስድስትና ሁለት። ተነቃይ ገመድ ካለው ደግሞ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ቢገባም እንኳ አትስኩ፤ ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ በዚህ ሊቃጠል ይችላል።

መብራት መሄዱ ሥራ ያበላሻል እንጂ ዕቃ የሚጎዳው በብዛት ሲመለስ ነው፤ ቮልቴጁ ተወርውሮ ይመጣል። መብራት እንደሄደ ከዲቫይደሩ ንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላም አሥር ደቂቃ ቆዩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ስትገዙ ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም፦ ባለ 1000 ቪኤ አብዛኛውን ጊዜ 600 ዋት ነው። ጌሙን ሴቭ አድርጋችሁ ለማጥፋት ያህል ደቂቃዎች ይሰጣችኋል፣ ለመጫወት አይደለም። አንዳንዱ ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲሆን ከጥሩ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማማም፣ ኮምፒውተሩም ይጠፋል። ስለዚህ ጌም እየሄደ ሶኬቱን ነቅላችሁ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

አሁን ወደ አገዛዙ ቅደም ተከተል። በየወሩ አንድ አንድ ዕቃ ስትገዙ፣ መጀመሪያ የገዛችሁት ካርድ ሊሞከር በሚችልበት ጊዜ የመመለሻ ቀኑ ካለፈ ሰነባብቷል። ግራፊክስ ካርዱን መጨረሻ አድርጉት። ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ራም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገዙና ተገጣጥመው ይሞከሩ። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ፦ 5600 እና ኮር አይ5-12400ኤፍ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ምስል ማውጫ የላቸውም፣ ያለ ካርድ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ለሙከራ ካርድ ከእኛ ዘንድ ይሰካላችኋል። ካርዱን ለመግዛት ወራት የሚፈጅባችሁ ከሆነ 5600ጂ ውሰዱ፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ቀላል ጌሞችን ያለ ካርድ ያጫውታል።

ማዘርቦርዱ ቢ450 ወይም ቀደም ብሎ የተመረተ ቢ550 ከሆነ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ለ5600 መታደስ አለበት፤ ካልታደሰ ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም፣ ፕሮሰሰሩ የሞተ ይመስላችኋል። ለ12400ኤፍ የሚሆኑ ቦርዶች ደግሞ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ተብለው ይለያሉ፤ የአንዱ ራም ሌላው ላይ አይገባም። ራም ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይሁን፣ አንድ ባለ 16 አይሁን። ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራው ምርጫ) ካልበራ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል።

ያገለገለ ካርድ አትግዙ አንልም። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ላይ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ (ማይኒንግ) ከቆመ ወዲህ ለዚህ ሲሠራ የነበረ ካርድ በብዛት ገበያ ላይ ወጥቷል፤ ብዙውም ፋኑና ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ሲቀየር ደህና ይሠራል። ችግሩ ስሙ ላይ ነው። አርኤክስ 580 ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ 2304 ኮር፣ ሌላው 2048። ዋጋቸው እኩል መሆን የለበትም። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የቀረበ ካርድ ከኋላው ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው ተጠራጠሩ፤ ባዮሱ የተቀየረ የእ.ኤ.አ. 2010 ዘመን ካርድ ሊሆን ይችላል። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፌክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ራሷ ትጽፈዋለች። ካርዱን በሙሉ ጫና የሚፈትነውን ፉርማርክ የተባለ ፕሮግራም 20 ደቂቃ አሂዱና ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መኖሩን ተመልከቱ። ሙከራው ቀን በሙቀቱ ይሁን፤ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ያለፈ ካርድ በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከዱባይ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ካርዱን በእጅ ሻንጣ ይያዝ፣ ሴሪያል ቁጥሩንም ከመነሳቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ይላክ። ከአዲስ አበባ ተገጣጥሞ በአውቶቡስ የሚመጣ ከሆነ ግራፊክስ ካርዱና የቆመው ማቀዝቀዣ ተነቅለው ለብቻ ይታሸጉ፤ መንገዱ ላይ ክብደታቸው ቀዳዳውን ይሰብረዋል።

ራሳችሁ ለምትገጣጥሙ ሦስት ነገር ብቻ፦ የማቀዝቀዣው ሆድ ላይ ያለችውን ስስ ፕላስቲክ ላጡ፣ ቴርማል ፔስቱ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፣ የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ስኩ።

ዝርዝራችሁን ስታመጡ ስክሪናችሁ ስንት ኸርዝ እንደሆነ፣ የምትጫወቱትን ጌምና ቤት ያለውን ዩፒኤስ ጨምራችሁ ጻፉልን። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን። ዝርዝር ለማየት አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ቴክኒሻኖች