አምራቹ ከገበያ ቢወጣ ባትሪውን ከማን እንግዛ?

ለአዘጋጁ፣

አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አምራች ለቤት ተጠቃሚ መሸጡን ሊተው እያሰበ ነው የሚለው ወሬ ሰሞኑን ብዙ ሰው እያነጋገረ ነው። የሚጻፈው ግን ስለ አክሲዮንና ስለ ትርፍ ብቻ ሆነብኝ። እኔ ደሴ ፒያሳ ላይ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ጭንቀት ሌላ ነው። በእጁ ያለው ማሽን ነገ ባትሪው ሲሞት፣ ቻርጀሩ ሲቃጠል መለዋወጫውን ከየት ያመጣል? ይህን የጠየቀ ጋዜጠኛ እስካሁን አላየሁም።

አምራች ገበያ ለቆ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አይቢኤም የፒሲ (የግል ኮምፒውተር) ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2005 ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ወጣ። ሶኒ በ2014 ቫዮ የተባለውን የኮምፒውተር ሥራውን አስተላለፈ። ቶሺባ በ2018 ከላፕቶፕ ሥራው 80.1 በመቶውን ለሻርፕ ሸጠ፤ በ2020 የቀረውንም አስረከበ። ያሰበ ሁሉ ይወጣል ማለትም አይደለም። ኤችፒ በነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም አንደኛ ፒሲ ሻጭ ሆኖ ሳለ፣ የፒሲ ክፍሉን ሊለየው እንደሚያስብ ተናገረ። አክሲዮኑ በማግሥቱ 20 በመቶ ገደማ ወረደ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ብዙም ሳይቆዩ ተነሱ። በቦታቸው የመጡት ሜግ ዊትማን በጥቅምት ወር ሐሳቡን ሰረዙት።

አምራቾቹ ለምን እንደሚሰለቹ ይገባኛል። ርካሽ ላፕቶፕ ላይ የሚተርፈው ትንሽ ነው። አሁን ደግሞ ሜሞሪውን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት እየጠረጉት ራም ተወዷል። ሜሞሪ አምራቹ ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ የሚሸጠውን እንደሚያቆም ያስታወቀው ለዚህ ነው።

ለእኛ ዋናው ነገር ግን የወጣው ኩባንያ ሥራ በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። አይቢኤም ሲወጣ ሌኖቮ ቲንክፓድ የተባለውን ላፕቶፕ ይዞ ቀጠለ። ዛሬ የቲንክፓድ ኪቦርድ ወይም ባትሪ ከመርካቶ ባዝዝ በአውቶቡስ ይደርሰኛል። ቶሺባ ሳተላይት እንዲህ አልታደለም። ድሮ በየቢሮውና በየተማሪው እጅ የነበረው እሱ ነው። አሁን አንድ ሰው ይዞ ቢመጣ ሌላ የሞተ ቶሺባ አርደን ነው የምንጠግንለት። ሬሳ ካልተገኘ አለቀ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጎዳው ለቤት ተብሎ የሚሠራው ርካሽ ሞዴል ነው። በቅርቡ አንድ አባት ከወረኢሉ መጡ። በግ ሸጠው፣ ዘመድ አዋጥቶላቸው ለልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ ገዝተዋል። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዓመት ሳይሞላ ማጠፊያው ተነቀለ። ከፈትኩት። የስክሪኑን ክብደት የተሸከመችው ብሎኗ የምትገባባት ትንሽ የናስ ቀለበት ናት። ቀለበቷ የተያዘችው በፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ሁሉም ነገር አብሮ ይነሳል። ሙሉ የታችኛው ሽፋን መቀየር አለበት። ሽፋኑን ስፈልግ ደግሞ ከሞዴሉ ስም መጨረሻ አንዷ ፊደል ከተለየች አይገጥምም። የሚገጥመው አዲስ አበባም አልተገኘም። በማጣበቂያ ያዝኩላቸው። «ልጄ፣ ይቆያል?» አሉኝ። ብዙ እንደማይቆይ ነገርኳቸው። አምራቹ ገበያ ላይ እያለ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ሲወጣ ምን ሊሆን ነው?

ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩት፣ ማለትም ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ይለያሉ። አንድ ሞዴል ለድርጅቶች በብዛት ይሸጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ድርጅቶቹ በአንድ ጊዜ ይቀይሩታል። ያ ማሽን ነው በዱባይ በኩል ዩዝድ ተብሎ እኛ ጋ የሚደርሰው። ብዙ ስለሆነ መለዋወጫውም ብዙ ነው። ስለዚህ በዚያው ገንዘብ አዲስ ርካሽ ከመግዛት ደህና ዩዝድ መግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) በፓስዎርድ አለመቆለፉን አይታችሁ ግዙ። ባትሪው አብጦ ኪቦርዱን ወደ ላይ የገፋ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ መጠቀም አቁሙ፤ ሊነድ ይችላል።

ድራይቨርና (የማሽኑን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ባዮስስ? እነሱም ከአምራቹ ድረ ገጽ ነው የሚወርዱት። ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ወዲህ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ወደ 11 ለማሻገር አንዳንዱ ማሽን መጀመሪያ ባዮሱ መታደስ አለበት። አምራቹ ድረ ገጹን ቢዘጋ ያ ፋይል ከየት ይመጣል? አጠራጣሪ ገጽ ላይ የተገኘ ባዮስ የሰው ማሽን ላይ መጫን አልደፍርም።

በጣም የሚያንገበግበኝ የትምህርት ቤቶቹ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከደሴና ከኮምቦልቻ ስንት ኮምፒውተር እንደተዘረፈ እዚህ ያለን ሰዎች እናውቃለን። በኋላ ከየአቅጣጫው እርዳታ መጣ፤ የሰጡንን እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን አንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ዓይነት ማሽን ተደባልቆ አያለሁ። የአንዱ ቻርጀር ለሌላው አይሆንም። ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ደህና ማሽኖች ቻርጀር ጠፍቶላቸው በካርቶን ታሽገው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ይጋፋሉ። ጨረታ የምታወጡ፣ እርዳታም የምትሰጡ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ዓይነት ሞዴል ምረጡ። ከማሽኑ ጋር ትርፍ ቻርጀርና ባትሪ አብራችሁ ግዙ። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ከካርቶን ውስጥ ያድናቸዋል።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። አስመጪዎቹንና የአምራቾቹን ወኪሎች አዲስ አበባ ላይ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። እኛ ደሴ ሆነን አይሆንልንም። ጠይቁልን። አምራቹ ከወጣ ለተሸጠው ማሽን መለዋወጫ እስከ መቼ ያመጣሉ? ዋስትናውን የሚያከብረው ማነው? ድራይቨሩና ባዮሱስ ከየት ይወርዳል? የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሲደርስ ወላጅ ሁሉ ላፕቶፕ ፍለጋ ስለሚወጣ፣ መልሳቸውን ከዚያ በፊት ብታወጡልን ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የላፕቶፕ ጥገና ባለሙያ፣ ከደሴ