በሕክምና ድራማችሁ ስለታየው የሚጥል በሽታ የቀረበ ቅሬታ

ለቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ የሚጥል በሽታ በተሳሳተ መንገድ ስለመቅረቡ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከወሎ፣ ከደሴ ነው። የእሁድ ማታውን የሆስፒታል ድራማችሁን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ተከታትያለሁ። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት እኔ ቤት መጥቶ ነው የሚያየው።

ያስጻፈኝ ወጣቷ ሙሽራ ሆስፒታል ውስጥ የወደቀችበት ክፍል ነው። ሁለት ነርሶች እጅና እግሯን ጨምድደው ያዙ፤ ሐኪሙ ማንኪያ አስመጥቶ ጥርሷ መሃል ከተተ፤ አንድ መርፌ ሲወጋት ነቃች። በሳምንቱ ደግሞ «ድኛለሁ» ብላ ኪኒኗን በመስኮት ስትበትን አሳያችሁን።

የ11 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሕመሙን ኪኒን መውሰድ ከጀመረች 3 ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት በጣላት ቁጥር ሰው ክብሪት እየጫረ ያሸታት ነበር፤ አንድ ጊዜ የላይኛው ከንፈሯ ተቃጥሎ ጠባሳው እስካሁን አለ። ያስተማረችን የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፦ በጎኗ አስተኟት፣ ከራሷ ሥር ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉ፣ እሳትና ስለት አርቁ፣ አትጨምድዷት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሰዓት ያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ምላስ አይዋጥም፤ አረፋውም በሽታ አያስተላልፍም። ጎረቤቶቼን ይህን ለማሳመን በየቡናው ስለፋ 2 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያን ማታ ግን ገና በረካው ሳይቀዳ አንዲት የማከብራቸው ትልቅ ሴት «አየሽ፣ ሐኪሙም ማንኪያ ነው ያስገባው» አሉኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ልመልስ? እኔ ሐኪም አይደለሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጄ እኒሁ ሴት ቤት ቆሎ ልታደርስ ሄዳ ጣላት። ስደርስ ማንኪያው አፏ ውስጥ ነው፤ የፊት ጥርሷ ተሸርፎ ደሙ በአገጯ ይወርዳል። «አብሽሪ፣ ምላሷን አድኜልሻለሁ» አሉኝ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። እሳቸውን አልወቅስም። ለልጄ ከእኔ እኩል የሚሳሱ ሴት ናቸው፤ ያደረጉትም ሐኪም ሲያደርግ ያዩትን ነው።

የጥርሱን ነገር እንኳ ችዬው ነበር። ግን በዚያው ሰሞን ማታ ኪኒኗን ሳቀብላት «እማ፣ እኔስ ኪኒኔን መቼ ነው የምጥለው?» አለችኝ። መድኃኒቱን በድንገት ብታቆም ሕመሙ እያከታተለ ሊጥላት፣ ሕይወቷንም ሊያሳጣት እንደሚችል ሐኪሟ አስጠንቅቆናል። ጸበልም ዱዓም አልቃወምም፤ በእኛ ወሎ ሁለቱም በየቤቱ አለ። ልጄም ትጠመቃለች፣ ኪኒኗንም ትውጣለች።

የልብ ምቱ መስመር ቀጥ ያለበትን አዛውንት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ስታስነሱም አይተናል። ቀጥ ላለ መስመር የሚረዳው ደረት መጫንና መድኃኒት እንጂ ያ መሣሪያ አይደለም። እሱን ልለፈው፤ በእኛ ሰፈር ያን መሣሪያ የሚያነሳ የለም። ማንኪያ ግን በየቤቱ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩት ሰዎች 50 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑትም በአግባቡ ቢታከሙ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እንዲህ ያለችውን ሴት አሳዩን፤ ማታ ማታ ኪኒኗን እየዋጠች የምትማር፣ የምትሠራ፣ የምትዳር።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ ላይ ስህተቱን በግልጽ አርሙ፤ ማንኪያ እንደማይገባ፣ ኪኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደማይቋረጥ በሐኪም አንደበት ይነገር። የቀሩትን ክፍሎች ከመቅረጻችሁ በፊትም የነርቭ ሐኪም ጽሑፉን ይመልከተው። ያ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ይደገማል ብላችኋል፤ የማንኪያው ትዕይንት ከዚያ በፊት ይውጣልኝ። ጎረቤቶቼ ቅዳሜም እኔ ቤት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የልጅቷ እናት፣ ከደሴ