ደብዳቤ ለልጄ፦ አርሰናልም ቢሆን ይውረድ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ።

አክስትህ ደውላ «ልጁ ሌሊት አይተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል» ስትል እናትህ ጫት ጀመረ ብላ እህል አልቀምስ አለች። እኔም ተነስቼ ልመጣብህ ነበር። ጉዱን ያወጣችው እህትህ ናት። ለፋሲካ ስትመጣ የራስህን የእግር ኳስ ሊግ የምታጫውትበትን ደብተርህን አይታዋለች። ሁለት ዲቪዚዮን፣ በየዲቪዚዮኑ 10 ቡድን፣ ሁሉም የድሮ፤ ውጤቱ ደግሞ በሉዶ ዳይስ ነው አለች። እናትህ ጫት አለመሆኑን ስትሰማ ቡና አፈላች። እኔ ግን የቀረውን ስሰማ ተናደድኩ። የ2004ቱ አርሰናልህ (ለነዚህ ቡድኖች የፈረንጁን ዓመት ነው የምጽፈው) ከ10 ቡድን 9ኛ ሲወጣ «ዘንድሮ የሚወርደው አንድ ብቻ ነው» ብለህ ሕጉን ሰርዘህ ጽፈሃል አሉ። ስርዙ ይታያል አለችኝ።

አንተ ልጅ! ሕግ መሀል ላይ አይቀየርም።

ያ ቡድን 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ መውሰዱን አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል። ይሁን። ግን አርሰናልህ እንዲህ ያለ ውለታ ሲዋልለት የመጀመሪያው አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሮ ሳለ፣ በ1915፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ 5ኛ ነበር የወጣው። ጦርነቱ አልቆ በ1919 ሊጉ ሲሰፋ በድምፅ ብልጫ አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ፤ 18 ለ 8 ቶተንሃምን አሸንፎ። በሜዳ ሳይሆን በስብሰባ! ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም፣ የቶተንሃም ሰዎች ግን ዛሬም ያነሱታል። አንተስ ደብተርህን ለጓደኞችህ ስታሳይ ምን ልትል ነው?

አርጀንቲናዎችም ሞክረውታል። ከ1983 ጀምሮ የሚወርደው ቡድን የሚለየው በአንድ ዓመት ውጤት ሳይሆን በሦስት ዓመት አማካይ ነጥብ ሆነ። ትልልቆቹን ለማትረፍ ነው ተብሎ ይታማል። በ2011 ግን ከትልልቆቹ አንዱ ራሱ ሪቨር ፕሌት በዚሁ አማካይ ተያዘና በደርሶ መልስ በቤልግራኖ ተሸንፎ ወረደ። አማካዩን ከወደድከው ውሰደው። ግን ሊጉ ሳይጀመር ጻፈው፣ ከጀመርክ በኋላ አትንካው።

በነገራችን ላይ መነጽርህን ታደርጋለህ? አድርግ።

እንግሊዞች መጀመሪያ ላይ የሚወርደውንና የሚያድገውን የሚለዩት በማጣሪያ ጨዋታ ነበር። በ1898 ስቶክና በርንሌይ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ሲገናኙ አቻ ከወጡ ሁለቱም አንደኛ ዲቪዚዮን ላይ ይገኛሉ። ምን ይሆናል ብለህ ነው? 0 ለ 0። ጎል የሚፈልግ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው ማጣሪያው ቀርቶ የሚወርደው በቀጥታ እንዲወርድ የተደረገው። አንተም ከታች ሁለት ይውረዱ፣ ከላይ ሁለት ይደጉ፣ አለቀ። ለድል 2 ነጥብ ነው 3? እንግሊዝ ወደ 3 የገባችው በ1981 ነው፤ አንዱን ምረጥ። እኩል ነጥብ ሲመጣም የጎል ክፍያ ይሁን የእርስ በርስ ውጤት አሁኑኑ ወስን።

የ1889ኙን የእንግሊዝ ቡድን ፕሪስተንን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥህ ግን ግፍ ነው። 22 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ የጨረሰ ቡድን ነው። የዛሬ ልጆች በሩጫ ይገድሉታል፣ እሱስ ልክ ነህ። አንተ ግን መለካት ያለብህ በዘመኑ የነበሩትን ስንት ርቆ እንደሄደ ነው። እንደዚያ ካልሆነ የድሮ ቡድን ማሰባሰቡ ምን ይሠራል?

የድሬውን ቡድን ጥጥ ማኅበርን ደብተርህ ላይ እንዳስገባህ ስሰማ ሆዴ ባባ። ለአያትህ ብለህ ነው አይደል? በቀጥታ አንደኛ ዲቪዚዮን አስገብተኸዋል። አያትህ ከጥጥ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ ብናኙ ጸጉሩ ላይ ነበር። ቁርሱን ሳይበላ ጠረጴዛው ላይ 11 ቆርኪ ይደረድራል። ይሄ በረኛው፣ ይሄ ግራ ክንፉ፣ ይሄ እንዲህ ገብቶ እንዲህ አገባ። እያንዳንዱን ቆርኪ በስሙ ይጠራዋል። የድሬ ጥጥ በኛ በ1950ዎቹ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ አንዱ ሀገራችን ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳችበት በ1954 ነው። እኔ ቆርኪው ሲሄድ እያየሁ ስሞቹ በጆሮዬ አለፉ። ዛሬ የሚቆጨኝ እነዚያ ስሞች ናቸው። የጻፋቸው ሰው ቢኖር እንኳ እኛ ቤት የለም። አንዳንዴ ቆርኪ ሳይ አንዱ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣና ይጠፋል።

እና ጥጥን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አውርደው። ከዋንጫዎቹ ሌላ በእጅህ ምንም የለም፣ በግምት ነጥብ አትስጠው። ከታች ይጀምር፣ ይውጣ። አያትህ ምጽዋት አይወድም ነበር። ከተሸነፈ ደግሞ ጥጥም ቢሆን ይውረድ።

አስመራዎቹን አትርሳ። ሐማሴንም አካለ ጉዛይም ያኔ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበሩ። አሁን ሀገሩ ሌላ ነው፣ ደብተርህ ግን ቪዛ አይጠይቅም። መቻልንና መከላከያን ለየብቻ እንዳታስገባ፤ አንድ ክለብ ነው፣ ስሙ ሄዶ ተመለሰ። ቡና ገበያ ያልከውም ራሱ ቡናችን ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በ10 ቡድን ደርሶ መልስ 90 ጨዋታ ነው፤ ሁለቱ ዲቪዚዮን 180። በአንድ ሌሊት አያልቅም አቦ! ፈተና እስክትጨርስ ሊጉን አቋርጥ፣ የክረምት ዕረፍት በለው። ይሄ ሕግ መቀየር አይደለም። ከአምስት ሰዓት በኋላ ዳይስ አትንካ፣ እናትህ ትደውላለች። በቴሌብር ትንሽ ልኬልሃለሁ፣ ሥጋ ብላበት። ጃኬትህን ለሚመጣው ልጅ እሰጠዋለሁ፣ ከመናኸሪያ ተቀበለው።

አርሰናልን ዛሬውኑ አውርደውና ደውልልኝ። ጥጥና ፕሪስተንስ ስንት ለስንት ወጡ? እህትህ ገጹን ሳትገልጥ ነው የመጣችው።

አባትህ