የመሐንዲስ ዕድሜ በሥራ መደብ አይቆጠርም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ ስላረፉት ጡረተኛ መሐንዲስ ያወጣችሁትን መታሰቢያ አንብቤዋለሁ። ዲግሪው ተደርድሯል፣ የሥራ መደቡም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰውየው ታዲያ ምን ሠሩ? የመሐንዲስ ሥራ ጥሩ ሲሆን አይታይም። ድልድዩ ካልወደቀ፣ ቧንቧው ካልፈነዳ ማንም ስማቸውን አያነሳም። ንድፉ መዝገብ ቤት ይገኝ ይሆናል። ምሰሶው ለምን እዚያ እንደተተከለ፣ የትኛው ሐሳብ ተሞክሮ እንደተጣለ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ከመሐንዲሱ ጋር ይቀበራል። በኋላ ለጥገና የሚመጡት ወጣቶች ከዜሮ ይጀምራሉ።

ቤተሰቡም በአንድ መስመር የሚታለፍ አይደለም። በአሜሪካ ኒው ዮርክ የሚገኘው የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በውኃ ሥር የመሠረት ሥራ ታመው ቤት ሲውሉ፣ መመሪያቸውን ወደ ሥራው ቦታ ያመላለሱት ባለቤታቸው ኤሚሊ ነበሩ። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1883 ተመረቀ። ባልየው (በሽታው ሳይገድላቸው) 89 ዓመት ኖረዋል። ያለ ኤሚሊ ይህን ታሪክ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

ስለዚህ መታሰቢያ ስትቀበሉ ቤተሰቡን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬም የሚያገለግለው የትኛው ሥራቸው ነው? ቤት ውስጥስ በምን ይታወሳሉ? የሥራ ማስታወሻ ደብተር ካለ ከአንዱ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ አብራችሁ አውጡት። ዋናውን ቤተሰቡ ለሙያ ማኅበር ወይም ለቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥም ንገሩት።

የዘወትር አንባቢያችሁ