ለደንበኞቻችን፦ በውጭ አገር ጉብኝት ላይ ሳሉ በረራ ሲቋረጥ መደረግ ስላለበት ነገር

ለውድ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለጉብኝት ወጥተው የአየር ክልል በመዘጋቱ በቀጠሯቸው ቀን መመለስ ያልቻሉ ደንበኞቻችን፣ እንዲሁም እዚህ አዲስ አበባ ሆነው ሲጨነቁ የቆዩ ቤተሰቦቻቸው ያነሡልንን ጥያቄዎች መነሻ በማድረግ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወደሚገኘው ቢሮአችን የመጡት አብዛኞቹ ቀድመው የጠየቁን «ትኬቱ ምን ይሆናል?» ብለው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ከትኬቱ በፊት ቪዛውን ማየት አለበት ብለን እናምናለን። ትኬት ይቀየራል፣ ይራዘማል፣ ገንዘቡም ሊመለስ ይችላል፤ የቪዛ ቀን ግን አንዴ ካለፈ መዘዙ በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ሳይቀር ይከተላል።

እንዲህ ያለው መስተጓጎል ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. አይስላንድ ውስጥ ኤያፍያላዮኩል የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ የጄት ሞተር ውስጥ ገብቶ ስለሚቀልጥና ተርባይኑ ላይ ተመልሶ ስለሚጋገር፣ አብዛኛው የአውሮፓ የአየር ክልል ለቀናት ተዘግቶ ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ተሰርዘዋል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. በእስራኤልና በኢራን መካከል ጦርነት ሲነሣ የኢራን፣ የኢራቅ፣ የእስራኤልና የዮርዳኖስ የአየር ክልል ተዘጋ፤ ቆይቶም ኳታር የራሷን ለሰዓታት ዘጋች፤ በዚህም ምክንያት ጦርነቱ ካለበት ርቆ አውሮፓ ውስጥ ሲጎበኝ የሰነበተ፣ በዶሃ በኩል ሊመለስ ትኬት የቆረጠ ሰው መንገዱ ተቋረጠበት። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ አገራችን፣ አፋር ውስጥ፣ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ በመድረሱ እዚያ በረራዎች ተሰርዘዋል።

ወደ ቪዛው እንመለስ። አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የሼንገን ቪዛ ስቲከር ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጽፈዋል፤ አንደኛው ቪዛው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚያሳየው ቀን ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ በድምሩ ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቀድ የሚገልጸው አነስተኛ ቁጥር ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ደንበኞቻችን ሮም ላይ በረራቸው እንደተሰረዘ በነገሩን ጊዜ ቪዛቸው ብዙ ቀን እንደሚቀረው እርግጠኞች ነበሩ። ስቲከሩን ፎቶ አንሥተው ሲልኩልን የማብቂያው ቀን በእርግጥም ገና ነበር፤ የቆይታው ቁጥር ግን 12 ይላል፤ የገቡበት ቀን ራሱ ስለሚቆጠር አሥራ ሁለተኛው ቀን በማግሥቱ የሚውል ነበር። የሼንገን የቪዛ ሕግ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው ቪዛው ያለ ክፍያ እንዲራዘምለት ይፈቅዳል፤ ማመልከት የሚገባው ግን ቀኑ ሳያልፍ፣ ባለበት አገር ለሚገኘው ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ባልና ሚስቱም አየር መንገዱ የላከላቸውን የስረዛ ማስታወቂያ ሆቴላቸው ውስጥ አሳትመው ጠዋት በሩ ሳይከፈት የውጭ አገር ዜጎችን ጉዳይ ወደሚመለከተው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ ማራዘሚያውንም አገኙ። ስለዚህ በረራ ተሰረዘ የሚል መልእክት ሲደርስዎ ከሁሉ በፊት ይህችን ቁጥር ይመልከቱ፤ ስረዛውንም በጽሑፍ ይያዙ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የትራንዚት፣ ማለትም በሌላ አገር ኤርፖርት በኩል የማለፍ፣ ጉዳይ ነው። ኢስታንቡል ወይም ዱባይ የቀረ መንገደኛ አየር መንገዱ «በፍራንክፈርት በኩል እንላክዎ» ሲለው በደስታ መቀበሉ የሚጠበቅ ነው። ይሁንና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከኤርፖርቱ ባይወጣም እንኳ በሼንገን አገሮች ኤርፖርት ለማለፍ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ጊዜው ያላለፈ የሼንገን ቪዛ ያለውና ሌሎች ጥቂቶች ብቻ ከዚህ ነጻ ናቸው። መንገዱን የሚቀይሩልዎት የካውንተር ሠራተኞች በመቶዎች የሚቆጠር ሰልፍ እያስተናገዱ የእርስዎን ፓስፖርት ደንብ ለይተው ላያዩ ይችላሉ፤ ከልካዩ ግን የመሳፈሪያ በር ላይ ይጠብቅዎታል። አዲስ መስመር ሲቀርብልዎ እሺ ከማለትዎ በፊት የሚያልፉባቸውን ከተሞች ስም ይላኩልን።

ስለ ትኬቱ ደግሞ አጥብቀን የምንመክረው ራስዎ እንዳይሰርዙት ነው። አየር መንገዱ በረራውን ሳይሰርዝ እርስዎ ቀድመው ከሰረዙ በፈቃድዎ እንደተውት ይቆጠራል፤ ቅጣቱም በእርስዎ ላይ ይሆናል። ከተሰረዘ በኋላም ቢሆን «ገንዘቤ ይመለስ» የሚለውን አማራጭ በችኮላ አይጫኑ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ከኅብረቱ አገሮች የሚነሣ ማንኛውም አየር መንገድ፣ የእኛም ሆነ የባሕረ ሰላጤው፣ መንገደኛው በሌላ በረራ እስኪሄድ ድረስ ምግብና ማደሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ምክንያቱ እሳተ ገሞራ ስለሆነ የገንዘብ ካሳ ባይከፈል እንኳ ይህ ግዴታ እንደማይቀር የኅብረቱ ፍርድ ቤት በጥር 2005 ዓ.ም. የአይስላንዱን አመድ በተመለከተ ወስኗል። ገንዘቡን መልሰው ከተቀበሉ ግን ግዴታው በዚያው ያበቃል፤ በእጅዎ የሚቀረው ገንዘብም ዋጋው በናረበት ሰዓት ሌላ ትኬት ላይገዛ ይችላል። ሆቴልና ምግብ በራስዎ ከከፈሉ ደረሰኙን ዕለቱን ፎቶ ያንሡ፤ የሙቀት ወረቀት ላይ የታተመ ደረሰኝ ጥያቄው እስኪታይ ድረስ ጽሑፉ ይጠፋል። ከአውሮፓ ውጭ ለሚነሡ በረራዎች ይህ ደንብ በአብዛኛው ስለማይሠራ እያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻው እናያለን።

የጉዞ ኢንሹራንስን በተመለከተ ለሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ ሽፋን ለሕክምናና ለመሰል ድንገተኛ ሁኔታ እንጂ ለተጨማሪ የሆቴል አዳር የታሰበ አይደለም፤ ብዙ ውሎችም ጦርነትን ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። ባንክዎን ሳይጠይቁም የአገር ውስጥ ካርድዎ ውጭ ይሠራል ብለው አይመኩ፤ ለጥቂት ተጨማሪ አዳር የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ሳይነካ ቢቀመጥ መልካም ነው።

አዲስ የበረራ ሰዓት ሲሰጥዎ የቀን አቆጣጠሩን ያስተውሉ። ማክሰኞ 00:40 ተብሎ የተጻፈ በረራ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 6:40 ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው በረራው ሄዶ ይጠብቀዋል። ከቀናት እንግልት በኋላ የተገኘ ወንበር በዚህ ምክንያት ሲያመልጥ ማየት እጅግ ያሳዝነናል።

በእኛ በኩል የሚከተሉትን አሠራሮች ተግባራዊ እናደርጋለን። የመመለሻ ትኬት በተፈቀደው ቆይታ የመጨረሻ ቀን ላይ አንቆርጥም፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ትርፍ እንተዋለን። ዋጋው ቢረክስም የተለያዩ አየር መንገዶችን በተለያየ ቡኪንግ አገናኝተን አንሸጥም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ የሁለተኛው ባለቤት ኃላፊነት ስለሌለበት መንገደኛው መሐል ላይ ይቀራል። ይህ አንዳንድ ጉዞዎችን እንደሚያስወድድ እናውቃለን፤ የደንበኞቻችን ጤናማ መመለስ ግን ከዋጋው ልዩነት ይበልጥብናል።

ከመነሣትዎ ቀደም ብለው የፓስፖርትዎንና የቪዛዎን ግልጽ ፎቶ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ውስጥ ልናገኘው የምንችለውን አንድ የቤተሰብ አባል ስልክ እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የአየር ክልል በሚዘጋባቸው ቀናት የቢሮ ስልካችን ሌሊትም ይነሣል፤ እሑድና በዓላትም አይለዩም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ