ከርቀቱ ጎን በረራ መኖሩንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ያወጣችሁትን የአገር ውስጥ አየር ማረፊያዎች ርቀትና የበረራ ጊዜ ሰንጠረዥ አየሁት። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ያ ጉድለት እኔን ምን እንዳስከፈለኝ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ባህር ዳር ስሠራ ደሴ ያለችው አክስቴ አረፈች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስልክ ሲደወልልኝ ገና ረፋድ ነበር። ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ ተብሎ ቀብሩ ለማግስቱ 6 ሰዓት ተቀጠረ። የደሴ ሰው የሚጠቀመው አየር ማረፊያ ኮምቦልቻ ስለሆነ ወዲያው ስልኬ ላይ ከባህር ዳር ኮምቦልቻ ያለውን ርቀት ፈለግኩ። 267 ኪሎ ሜትር፣ 35 ደቂቃ ይላል። እፎይ አልኩ። መኪና መፈለጉን ትቼ ቤቴ አደርኩ።

ጠዋት ትኬት ልቆርጥ ስሄድ ቀጥታ በረራ የለም ተባልኩ። በአዲስ አበባ መዞር ነበረብኝ። ኮምቦልቻ ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። ከዚያ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። አክስቴን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ። በዚያው ረፋድ ተነስቼ፣ ቻይኖች በሠሩት የወረታ መንገድ ወልድያ ገብቼ ባድር ኖሮ እደርስ ነበር።

ያየሁት ቁጥር ውሸት አልነበረም። ካርታ ላይ ከአንዱ አየር ማረፊያ ወደ ሌላው የተሰመረ ቀጥታ መስመር ነው። መስመሩ የበሽሎን ሸለቆ አቋርጦ በመቅደላ በኩል ያልፋል። ደቂቃው የሚገኘው ርቀቱ ለአውሮፕላን ፍጥነት ተካፍሎ ነው። በዚያ መስመር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ስሌቱ አያውቅም። በአዲስ አበባ ሲዞር በአየር የሚሄደው ርቀት ብቻ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከቀጥታው እጥፍ በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚጠበቀው ሰዓት ደግሞ ለብቻው ነው።

የጎንደርና የላሊበላን ርቀትም ተመልከቱ። በአየር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በመኪና ግን በደብረ ታቦርና በጋሸና ዞሮ እጥፉን ይሄዳል። እንዲህ ባለ ተራራና ገደል በበዛበት አገር የአየሩ ቁጥር ሰውን ቶሎ ያጓጓል። የታመመ ይዞ የሚሄድ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ፈተና ያለበት ሰው ያንን ቁጥር አምኖ ነው ቀኑን የሚቆርጠው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሰንጠረዡን ስታድሱ አንድ ረድፍ ጨምሩበት። ቀጥታ በረራ አለ ወይስ የለም? ካለ በየትኛው ቀን? ከሌለስ የት ተወርዶ ይቀየራል፣ ስንት ሰዓት ይጠበቃል? ከአየር ማረፊያው ከተማ ለመግባት ያለውን መንገድም ብትጽፉልን ደስ ይለኛል። የበረራ ፕሮግራም ስለሚቀያየር መረጃው የተጣራበትን ቀን ከሥሩ አስቀምጡልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከባህር ዳር