ስሊፒንግ ባጉ ላይ የተጻፈው ዲግሪ የትኛው ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የእግር ጉዞና የካምፒንግ ነገር በከተማው ወጣት ዘንድ እየተለመደ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ወደ መንዝ ጓሳ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌ የሚጠሩ የጉዞ ማስታወቂያዎች «ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ እናቀርባለን» ይላሉ። ስሊፒንግ ባጉ (ሰው ገብቶ የሚተኛበት ሙቀት ያዥ ከረጢት) እስከ ስንት ዲግሪ ብርድ እንደሚችል፣ ከሥሩ ምን እንደሚነጠፍ ግን አይገልጹም። ደጋ ላይ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል፤ እንቅልፍ ያጣ እግር ደግሞ በማግስቱ ገደል ዳር ላይ አደገኛ ነው። ስለዚህ ቀላል የመኝታ ዕቃ ለመምረጥ የሚያስፈልገውን በዝርዝር ላስቀምጥ፤ ጋዜጣችሁም ለአንባቢ እንዲያደርስልኝ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ። በአውሮፓ የመለኪያ ደንብ (ቀድሞ ኢኤን 13537፣ አሁን አይኤስኦ 23537) የተፈተነ ስሊፒንግ ባግ ሦስት ዲግሪዎች ይጻፉበታል። አንደኛው የምቾት ዲግሪ ነው፤ አንዲት ሴት ዘና ብላ ተኝታ የማይበርዳት ልክ ነው። ሁለተኛው የወሰን ዲግሪ ይባላል፤ አንድ ወንድ ኩርምት ብሎ ሌሊቱን ሊገፋ የሚችልበት ነው። ሦስተኛው የመጨረሻው አደጋ ዲግሪ ነው፤ እዚያ ላይ ሕይወት ይተርፍ ይሆናል እንጂ እንቅልፍ የለም፣ ሰውነትም ከመጠን በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የምቾት ዲግሪው ዜሮ የሆነ ስሊፒንግ ባግ ወሰኑ ከዜሮ በታች 5 ወይም 6፣ የአደጋው ልክ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 አልፎ ሊጻፍበት ይችላል። ሻጭ በትልቁ የሚያሳየው ይህንን የመጨረሻውን ቁጥር ነው፤ ገዢውም «ከዜሮ በታች 20 ይችላል» ብሎ አምኖ ይገዛል። መግዛት ያለብን በምቾት ዲግሪው ብቻ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ዓይነቱ ካልተገለጸ፣ የአደጋው ዲግሪ ነው ብሎ መገመት ይበጃል። ፈተናው የሚደረገው የውስጥ ልብስና ካልሲ በለበሰ፣ ከሥሩ ፍራሽ በተነጠፈለት፣ እንደ ሰው ገላ በሚሞቅ የመለኪያ አሻንጉሊት ላይ መሆኑም አይረሳ፤ ፍራሽ ከሌለ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ የለውም።

ታዲያ ስንት ዲግሪ ያስፈልጋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በታኅሣሥ ሌሊት ከተማዋ 8 ዲግሪ ብትሆን፣ በ3,600 ሜትር ላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ግጭ ካምፕ ወደ ዜሮ ይወርዳል ማለት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የባሌው ሳነቴ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ለጓሳና ለሰሜን ተራሮች በበጋ የምቾት ዲግሪው ዜሮ የሆነ ያንሳል ባይባልም፣ ብርድ የማይችል ሰው ከዜሮ በታች 5 ቢይዝ ይሻለዋል። ለሳነቴ ከዜሮ በታች 5 መነሻው ነው። ለላንጋኖና ለአዋሽ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ እዚያ ጣጣው ትንኝ ስለሆነ ቀለል ያለ ስሊፒንግ ባግና አጎበር ይበቃል።

መሙያው ሁለት ዓይነት ነው። የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ ላባ ቀላልና በጣም የሚታጠፍ ነው። ጥራቱ በመንፋት አቅሙ ይለካል፤ 800 የተባለ ላባ 28 ግራሙ ወደ 13 ሊትር ቦታ ይሞላል፣ 600 የተባለው ከዚያ ያነሰ። የምቾት ዲግሪው ዜሮ የሆነ ጥሩ የላባ ስሊፒንግ ባግ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በፖሊስተር ፋይበር የተሞላው አቻው ግን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይሆናል። ላባ ጠላቱ ውሃ ነው፤ ሲረጥብ እርስ በርሱ ይጣበቅና የሚያሞቀውን አየር መያዝ ያቅተዋል። ፋይበሩ ቢረጥብም ከፊል ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ቶሎም ይደርቃል። የራሱን ሸክም በጀርባው የሚሸከም ሰው ላባ ቢመርጥ ልክ ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች በቅሎ የሚጭን ከሆነ ግን አንድ ኪሎ ለመቀነስ ብሎ ውድ ላባ መግዛት አያስፈልገውም፤ ፋይበሩን ይዞ ልቡን ያሳርፍ።

ከሰልባጅ የሚገዛ ሰው ይህን ያድርግ፦ ስሊፒንግ ባጉን ዘርግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተወውና የመንፋቱን ልክ ይይ። ከዚያ በብርሃን ፊት ይዞ ይመልከተው፤ መሙያው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ጨርቁ ባዶ የቀረበት ቦታ ካለ በዚያ በኩል ብርድ ይገባል። ዚፑንም ከላይ እስከ ታች አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሰው። ከዚፑ ጀርባ የተሞላ መከለያ፣ በአንገት ዙሪያ በገመድ የሚሰበሰብ ወፍራም አንገትጌ፣ ፊት ብቻ የሚያስቀር ኮፍያ ከሌለው ለደጋ አይሆንም። ርዝመቱ ከተኚው ቁመት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል፤ በጣም ከሰፋ ባዶው ቦታ በገላ ሙቀት መሞቅ ስላለበት ይበርዳል።

አሁን ወደ ፍራሹ ልምጣ፤ ደጋ ላይ ብርዱ በብዛት የሚገባው በዚህ በኩል ነውና። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ገላችን የተኛበት ወገን ግን በክብደታችን ስለሚደፈጠጥ አየር አይቀረውም፤ መሬቱ ሙቀታችንን ይስባል። ስለዚህ ገንዘብ የሚያንሰው ሰው መጀመሪያ ጥሩ ፍራሽ፣ ከዚያ ስሊፒንግ ባግ ቢገዛ እመክራለሁ። የፍራሽ መከላከያ አቅም «አር» በሚባል ቁጥር ይገለጻል። 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ውሃ የማይጠጣው የተጠቀጠቀ ፎም ወደ 400 ግራም ይመዝናል፤ አሩ 2 አካባቢ ነው። ለበረዷማ ሌሊት 4 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ስለሚደመሩ ሁለት እንዲህ ያሉ ፎሞች መደራረብ ይቻላል፤ አለዚያም በውስጡ መከላከያ ያለው የሚነፋ ፍራሽ መግዛት ነው። በውስጡ ምንም የሌለው የባሕር ዳርቻ ዓይነት የሚነፋ ፍራሽ ቢወፍርም አያሞቅም፤ አየሩ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ወደ መሬት ያደርሳል። የቤት ስፖንጅ ሲተኙበት ይሟሽሻል፣ ውሃም ይጠጣል። የስፖርት ምንጣፍ ደግሞ ስስ ነው፣ ብቻውን አይረባም። የሚነፋ ፍራሽ የያዘ ሰው መጠገኛ ልጣፍና ሙጫ ይያዝ፤ በእሾህ የተበሳ ፍራሽ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከባዶ መሬት አይለይም።

ድንኳን ትቶ በቀላሉ ለመተኛት የሚፈልግ ሰው ቢቪ ይጠቀማል። ቢቪ ስሊፒንግ ባጉን እንደ ቀፎ የሚያስገባ ውጫዊ ሽፋን ነው፤ ሥሩ ውሃ የማያስገባ ናይለን፣ ላዩ ደግሞ ዝናብ እየከለከለ እንፋሎት የሚያስወጣ ጨርቅ ነው። ቀላሉ ከ200 እስከ 500 ግራም ይመዝናል፤ ራስጌው ላይ በቀስት የሚቆመው 1 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ይጠቀምበት የነበረውን ቢቪ ሊያስመጣ ይችላል፤ 1 ኪሎ ገደማ ቢሆንም ጠንካራና ሰፊ ነው።

የቢቪ ችግር ከላይ የሚመጣው ዝናብ ሳይሆን ከውስጥ የሚወጣው እርጥበት ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ በቆዳውና በትንፋሹ በግምት አንድ ብርጭቆ ውሃ ያህል ያስወጣል። ይህ እንፋሎት ወደ ውጭ ሲጓዝ ቀዝቃዛውን የቢቪ ጨርቅ ይነካና ውሃ ይሆናል፤ ብርዱ ሲበረታም ጨርቁ ላይ በረዶ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የሚተነፍስ ጨርቅ ቢሆንም እንፋሎት የሚያስወጣው ውጭው ከውስጡ ደረቅ ሲሆን ነው፤ በክረምት ጭጋግ ውስጥ ያን ያህል አይሠራም። ፕላስቲክ ወይም አልሙኒየም የተለበጠበት የአደጋ ጊዜ ከረጢት ደግሞ ምንም አያስወጣም፤ ለአንድ ሌሊት አደጋ እንጂ ለካምፒንግ አይደለም፣ በላባ ስሊፒንግ ባግ ላይ ሲሆን በሁለተኛው ሌሊት ላባው እርጥብ ይሆናል። ስለዚህ አፍና አፍንጫ ምንጊዜም ውጭ ይሁኑ። ፊት ከበረደ በሻሽ ወይም በሱፍ ኮፍያ መሸፈን እንጂ ወደ ውስጥ መተንፈስ አይገባም። ዝናብ ከሌለ የቢቪው አፍ እስከ ደረት ተከፍቶ ይደር።

ስፋቱም ይመርመር። ስሊፒንግ ባጉን በቢቪው ውስጥ አስገብቶ ዚፑን ዘግቶ መተኛት፣ ከዚያ ትከሻን፣ ጉልበትንና የእግር ጣትን ወደ ውጭ መግፋት ነው። ጨርቁ የሚወጠር ከሆነ መሙያው ይደፈጠጣል፤ ውድ ስሊፒንግ ባግ ገዝቶ በጠባብ ቢቪ ማነቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ፍራሹ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከነፍራሹ ይለካ፤ ፍራሽ ውስጥ ሲገባ ሌሊት አይንሸራተትም፣ ቦታ ግን ይወስዳል።

ቢቪ ብቻውን የበጋ ዕቃ ነው። ዝናብ እየጣለ ገብቶ መውጣት፣ ጫማ ማውለቅ፣ ሻይ ማፍላት አይቻልበትም። 2 በ3 ሜትር የሆነ ቀላል የናይለን ሸራ 450 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስድስት ካስማና 10 ሜትር ገመድ 150 ግራም ይጨምሩ። የሸራው አንዱ ጎን ነፋስ በሚመጣበት በኩል እስከ መሬት ወርዶ በሦስት ካስማ ይመታ፤ ተቃራኒው ጎን በሁለት የእግር ጉዞ በትሮች 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበልና ገመዱ ወደፊት ይወጠር። ናይለን ሲረጥብ ስለሚላላ ከመተኛት በፊት ገመዱን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሸራው ጤዛንም ይከላከላል፤ በጥርት ሰማይ ሥር ሸራ ሳይኖረው ያደረ ቢቪ ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሁሉ ሲደመር፣ ስሊፒንግ ባግ 1,000 ግራም፣ ቢቪ 400፣ ፎም 400፣ ሸራና ካስማ 600፣ በድምሩ 2.4 ኪሎ ነው። ፎሙ ሁለት ከሆነ 2.8 ይሆናል፤ ለደጋ ይህንን እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ግን ድንኳን ይያዝ።

ቦታ መምረጥ ያለ ወጪ ዲግሪ ይጨምራል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆው ወርዶ ይጠራቀማል፤ በወንዝ ዳር ያለው ለምለም ሜዳ ቀን ያምራል፣ ሌሊት ግን ከሁሉ ይበርዳል። በተፈቀደው የካምፕ ቦታ ውስጥ ከሸለቆው ከ20 እስከ 30 ሜትር ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለ ጥግ ይፈለግ። ጓሳ ላይ ለመኝታ ብሎ ሣር ማጨድ አይገባም፤ ሣሩ በመንዝ ሕዝብ ደንብ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ ነው። ምግብም ከመኝታ አጠገብ አይደር፤ ጅብ ይጠራል።

ስለ ጋቢ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ልናገር። ጋቢ ጥጥ ነው፤ እርጥበት ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። በላባ ስሊፒንግ ባግ ላይ ሲደረብ በክብደቱ ላባውን ይደፈጥጠዋል። ለምሽት እሳት ዳር እጅግ ጥሩ ነው፤ ለመኝታ ግን ታጥፎ ትራስ ቢሆን ይሻላል። የመንዝ ባና ከሱፍ ስለሚሠራ ትንሽ ቢረጥብም ያሞቃል፤ ከባድ ነው እንጂ በቅሎ ካለ ከፎሙ በላይ ተነጥፎ እንደ እሱ ያለ የለም።

ከመተኛት በፊት የሞቀ ውሃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ በጭን መሐል ማድረግ ብዙ ይረዳል። ሃይላንድ ግን ለፈላ ውሃ አይሆንም፤ ይጨማደድና ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይፈሳል። ቀን ያላበው ልብስ ይውለቅ፣ ደረቅ ካልሲና ኮፍያ ይደረግ። ከሰል ያለበት ማንደጃ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ጭስ ባይኖረውም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ስሊፒንግ ባጉ ተገልብጦ ግማሽ ሰዓት ይሰጣ፤ ቢቪውም ውስጡ ይገለበጥ። እርጥቡን አጥብቆ መጠቅለል ለቀጣዩ ሌሊት ብርድ ማስቀመጥ ነው። ቤት ሲደርስ በትንሿ ከረጢት ታፍኖ አይቀመጥ፣ በሰፊ ጨርቅ ውስጥ ይተው፤ ለወራት የተጨቆነ መሙያ እንደ ቀድሞው አይነፋም። የላባው በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠባል፣ አይጨመቅም። ከውሃ ሲወጣም ከሥሩ በሁለት እጅ ተደግፎ ይነሣ፤ በአንድ ጫፍ ከተንጠለጠለ የውስጡ ክፍልፋይ በውሃው ክብደት ይቀደዳል። በጥላ ሥር ተዘርግቶ የተቋጠረው ላባ በጣት እየተፈታ እስኪደርቅ ቀናት ይወስዳል።

ለጉዞ አዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። በምታከራዩት በእያንዳንዱ ስሊፒንግ ባግ ላይ የምቾት ዲግሪውን፣ የመሙያውን ዓይነትና የታጠበበትን ቀን የያዘ ትንሽ ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍናችሁ እሰሩበት፤ በማስታወቂያችሁም ላይ ከድንኳኑ ቀጥሎ ስለ ፍራሹ ጻፉ። ተጓዡም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህንን ይጠይቅ። መልስ ካላገኘ የራሱን ፎም ይዞ ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የተራራ ጉዞ መሪ
ደብረ ብርሃን